ከመጽሐፍ የተጣላች ልጅ

ቆዩ፣ ሳቄ ይለፍልኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ፤ ይህን ነገር ላወራ ስነሳ አፌን ሳልከፍት ሆዴ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጎረቤቶቼ «አዴ ዲንቂቱ፣ ወይ ሳቂ ወይ አውሪ» ይሉኛል። ሁለቱንም አንድ ላይ ብሠራ ማን ይከለክለኛል? ብቻ ታገሡኝ። መሀሉ ላይ ያስቃል፤ ምርጡ ግን ወደ መጨረሻው ነው። አንድ ሽማግሌ አውቶቡስ ተራ ላይ የተናገሯት ነገር አለች። እሷን አሁን ብነግራችሁ ሌላውን አትሰሙኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ቅቤ ላውራ።

ቅቤ ነጋዴ ነኝ። ከጉቶ ጊዳ ገጠር በኮባ ተጠቅልሎ የሚመጣውን ነቀምቴ ገበያ ላይ እየገዛሁ እሸጣለሁ። ቅቤ ስገዛ ፊቱን አላይም። ፊቱማ መቼ አስቀይሞ ያውቃል? ባለቤቲቱ አጥባው፣ በመዳፏ አለስልሳው፣ እንደ ሙሽራ አሳምራው ነው የምታመጣው። እኔ ስንጥሬን አወጣና መሀሉን እወጋለሁ። ከዚያ ስንጥሩን አሸታለሁ። ከላይ ለጋ፣ ከውስጥ የከረመ ስንት አይቻለሁ መሰላችሁ! ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም፤ በኋላ ከማትሪክ ጋር ስለሚገናኝ ነው። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ደሚቱ የወንድሜ የገለታ ልጅ ናት። ወንድሜ ኡኬ ነው ያለው፤ በቆሎና ጤፍ ያርሳል። እናቷ ልጅቷ ጥርስ ሳታወጣ ስለሞተች፣ ለትምህርት ስትደርስ ከተማ እኔ ጋ አመጣት። «አዳዳ» ትለኛለች፤ በኦሮምኛችን የአባት እኅት ማለት ነው። እኔ ራሴ የተማርኩት ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ባለች ክፍል ፊደል ቆጥሬ፣ መዝሙር ማንበብ እስክችል ድረስ ነው። የፈረንጁን ፊደል ደግሞ ከቡና ጆንያ ላይ ለቀምኩት። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እለያለሁ። ከዚያ በላይ ያለው ፊደል ለምን እንዳስፈለጋቸው አላውቅም። እሷ ግን ያን ሁሉ አልፋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረሰች። አሥራ ሁለተኛ! በክፍሏ የነበሩት ሴቶች አንድ አግዳሚ ወንበር አይሞሉም ነበር።

ማትሪክ የሚባለውን ነገር እኔ በፊት በሽታ ይመስለኝ ነበር። ምን ላድርግ? «የእከሌን ልጅ ማትሪክ ጣለው» ሲሉ እሰማለሁ። ከአንገር ቆላ እንደሚመጣው ወባ ዓይነት ነገር ነው ብዬ፣ ለደሚቱ ነጭ ሽንኩርት ሳበላት ከረምኩ። በኋላ ነው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና መሆኑን የነገረችኝ። ያለፈ አዲስ አበባ ኮሌጅ ይገባል፤ የወደቀ ወደ አባቱ ይመለሳል። ወንድ ልጅ ወደ አባቱ ሲመለስ ያርሳል፣ ወይም ይነግዳል። ሴት ልጅ ስትመለስስ? ይህን መቼም ማስረዳት የለብኝም።

ለፈተናው የሚለማመዱበት መጽሐፍ አለ ይባላል፤ ነቀምቴ ውስጥ ግን ያየው ሰው አልነበረም። አስተማሪዎቹም ስሙን ነው እንጂ መልኩን አያውቁትም። ታዲያ አንድ ቀን ደሚቱን ስኳር እንድትገዛ ጋሽ ሻፊ ሱቅ ላክኋት። ጋሽ ሻፊ ጉራጌ ናቸው፤ ከእኛ ጋር ኖረው ኦሮምኛውን ከእኔ አሳምረው ያወራሉ። ከአዲስ አበባ ዕቃ ሲያመጡ አሮጌ ወረቀትም በጥቅል ገዝተው ይመጣሉ፤ ስኳርና በርበሬ የሚጠቀልሉበት። ልጅቷ ቤት ገባች፤ ስኳሩን ልትገለብጥ ወረቀቱን ፈታች። ከዚያ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ስኳሩን እንደ አመድ ጠረጴዛው ላይ ደፋችውና ወረቀቱን ይዛ በረረች!

ጋሽ ሻፊ ኋላ እየሳቁ እንደነገሩኝ፣ እያለከለከች ስትገባ «ምነው ልጄ፣ ስኳሩ ጎደለ እንዴ?» አሏት። «ጋሽ ሻፊ፣ ስኳሩ ይቅር፤ የዚህ ወረቀት ወንድሞች የታሉ?» አለች።

ያ መጽሐፍ ነበራ! ያለፉት ዓመታት የማትሪክ ጥያቄዎች ተሰብስበው፣ መልሱ መጨረሻ ላይ የተደረገበት። ጋሽ ሻፊ ከፊት ከፊቱ እየቀደዱ ለመንደሩ ሁሉ ቅመም ጠቅልለውበታል። የቀረውን ይዛ መጣች። ጉድ የተባለው ግን በማግስቱ ነው። የደሚቱ ክፍል ተማሪዎች ወጥተው ቤት ለቤት መለመን ጀመሩ። «አካም ኦልተን፣ እንዴት ዋላችሁ፣ ከጋሽ ሻፊ በወረቀት የመጣ ነገር አለ?» አንዱ ቅጠል ከሹሩባ ሠሪዋ ቤት ተገኘ፤ አንዱ መስኮት ላይ ተለጥፎ ነበር። ጂኦሜትሪ የሚባለው ፓስተሩ ቤት ሚጥሚጣ ይዞ ስለከረመ፣ እሱን ያነበበ ሁሉ ያስነጥስ ነበር። ብቻ ሁሉም ተሰበሰበ ማለት ይቻላል። ልባሱ፣ የሽፋኑ ወረቀት፣ ግን ጠፋ። ልባሱ የጠፋበትን መጽሐፍ ማን እንደጻፈው እንዴት ይታወቃል? ይህችን ነገር ያዙልኝ።

መጽሐፉ እኔ ቤት ስለሚያድር ተማሪው ሁሉ እኔ ቤት መዋል ጀመረ። እኔም ሥራ አገኘሁ። መልሱ ያለበትን ቅጠል ገንጥለው ለእኔ ሰጡኝ፤ አንዳቸውም ሰርቀው እንዳያዩ። ጉያዬ ከተትኩት። ከዚያ ወዲያ እኔ ፈታኝ ነኝ! ልጁ ጥያቄውን አንብቦ «ሲ» ይላል፤ እኔ ከጉያዬ አውጥቼ አያለሁ። «ቢ ነው፤ ሂድና አጥና!» ጥያቄው ስለ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን በሕይወቴ እንደዚያን ሰሞን የተከበርኩበት ጊዜ የለም። ወደ ገበያ ስሄድ ረጃጅም ጎረምሶች ቅርጫቴን ይሸከሙልኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ታደሰ የሚባል ተማሪ ነበር፤ ሁሉንም ያለ ስህተት ይመልሳል። ኤ ስል ኤ፣ ዲ ስል ዲ። ሌሎቹ ተገረሙ። እኔ ግን ስንጥሬ ትዝ አለችኝ። ፊቱ እንዲህ ያማረ ቅቤ መወጋት አለበት አልኩ። መጽሐፉን መሀሉ ላይ ከፈትኩና «ከዚህ ንገረኝ» አልኩት። «አዴ ዲንቂቱ፣ እባክሽ ከመጀመሪያው ልነሳ» አለ። ፊደል የሚቆጥር ሕፃን «ቀ» የትኛው ነው ሲሉት ከ«ሀ» ተነስቶ እየዘመረ እንደሚደርስበት ማለት ነው። ለካ ጥያቄውን ሳያይ የመልሱን ፊደል ብቻ በዜማ ሸምድዶታል! ከዚያ ወዲያ ሁሉንም መሀል መሀሉን ነው የምወጋው። ደሚቱ ስትወጋ አንድም ቀን አልሸተተችም።

አሁን ወደ ነገሩ።

ኦቦ ቶላ የሚባሉ የቡና ነጋዴ አሉ። ወንድ ልጃቸው ዲንሳ አንገር በኩል ከብት ያረባል። ስለ ዲንሳ ክፉ አላወራም፤ ረጋ ያለ ልጅ ነው፤ ከሰው ይልቅ ላም ቢያናግር ይሻለዋል እንጂ። እኚህ ሰው ደሚቱን ለልጃቸው ብለው ሽማግሌ ላኩ። ወንድሜ ደግሞ ሽማግሌ ሲያይ አንገቱ የሚሰበር ሰው ነው። ለብቻችን ስንሆን «ማትሪክ ካለፈች አልከለክላትም፣ ትሂድ» ይለኛል። ሽማግሌ ፊት ግን «እምቢ» የምትለው ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። በመጀመሪያው ቀን እንደ ወጉ «እስቲ እናስብበት» ብሎ መለሳቸው። በሁለተኛው ቀን ቃል ሊሰጥ ነው። ቃል ከተሰጠ ሠርጉ ክረምቱ ሳይገባ ነው። ማትሪክስ? ማትሪክም ክረምቱ ሳይገባ ነው። የታጨች ልጅ ደግሞ ከወንዶች ጋር አዳራሽ ገብታ አትፈተንም አሉ ኦቦ ቶላ። በቃ አለቀ ማለት ነው።

ደሚቱ ይህን ሰምታ አላለቀሰችም። መጽሐፉን ይዛ ተቀመጠች።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ወንድሜ ገበያ ውሎ እኔ ቤት ተቀምጧል። እኔና ደሚቱ ጓዳ ሆነን አንዷን ጥያቄ ስትመልስ «ቢ» አለች። ከጉያዬ አውጥቼ አየሁ፤ «ሲ» ይላል። «ሲ ነው» አልኳት። «ሊሆን አይችልም» አለች። ከዚያ በፊት ልጅቷ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። እስቲ ጥያቄውን በሰው ቋንቋ ንገሪኝ አልኳት። ነገረችኝ።

አንድ ሰው ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ሲሄድ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ይራመዳል። በዚያው መንገድ ሲመለስ በሰዓት ስድስት ይራመዳል። እንግዲህ በጠቅላላው መንገድ፣ በአማካይ በሰዓት ስንት ተራመደ? ደሚቱ አምስት አለች። ማን አምስት የማይል አለ? የአራትና የስድስት መሀል አምስት መሆኑን እንኳን አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ የእኔ ዶሮም ታውቀዋለች። መጽሐፉ ግን አራት ነጥብ ስምንት ይላል።

«መጽሐፉ ተሳስቷል» አለች።

«አንቺ ልጅ! ታትሞ የወጣ ነገር ይሳሳታል?» አልኩ።

«ይሳሳታል!»

«አይሳሳትም! ሲ ካለ ሲ ነው!»

እሷ ጮኸች፤ እኔ ደግሞ ድምፄን ታውቁታላችሁ፣ ገበያ ያሳደገው ነው። እንዲህ እየተጯጯህን ዞር ስል ሽማግሌዎቹ በር ላይ ቆመዋል። ፊት የቆሙት ኦቦ ዋቅጅራ ናቸው፤ ከኋላቸው ኦቦ ቶላ አሉ። ኦቦ ዋቅጅራን በዚያ አገር የማያውቅ የለም። ሁለት ጎሳ ያስታረቁ ሰው ናቸው። ነገር ሲሰሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ የተኙ ይመስላል እንጂ አይተኙም። ልጃቸውን ከትምህርት አስወጥተው በልጅነቷ የዳሩ ጊዜ ግን እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበረ ራሳቸው ሲናገሩ ሰምቻለሁ።

«በዚህ ቤት ጠብ አለ» አሉ፤ የበሩን ደፍ አልተሻገሩም።

ወጉን የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ጠብ ባለበት ቤት የጋብቻ ነገር አይነሳም። መጀመሪያ ጠቡ ይታያል፤ የተጣሉት ይታረቃሉ፤ ከዚያ በናጋ፣ በሰላም ማለት ነው፣ ስለ ልጅ ይወራል። አለበለዚያ ጋብቻው የጠብ ልጅ ይሆናል ይባላል። እኔ በሐፍረት ልሞት ደረስኩ። «ኧረ ጠብ አይደለም ኦቦ፣ ጨዋታ ነው፣ ግቡ!» እላለሁ።

ደሚቱ ከኋላዬ «ጠብ አለ» አለች።

«ከማን ጋር ኢንተላ ኮ?» አሉ ኦቦ ዋቅጅራ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«ከዚህ መጽሐፍ ጋር።»

ኦቦ ቶላ ሳቁ። ኦቦ ዋቅጅራ ግን አልሳቁም። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ በርጩማ አስመጡና መጽሐፉን በርጩማው ላይ አስቀመጡት። ተከሳሽ ቆሞ አይዳኝማ! ልጅቷ ክሷን ተናገረች። በአራት የሄደው፣ በስድስት የተመለሰው ሰውዬ ተነገረ። ከዚያ ወዲያ ያ ቤት የሆነውን ልነግራችሁ ብሞክርም...ቆዩ፣ ሳቄ መጣ።

አንደኛው ሽማግሌ «ከተማዎቹ የትና የት ናቸው?» አሉ። ደሚቱ አልተጻፈም አለች። «እንግዲያው ኡኬና ነቀምቴ ይሁኑ፤ መንገዱን የማናውቀውን ነገር እንዴት እንዳኛለን?» ተባለና ኡኬና ነቀምቴ ሆኑ። «ሰውዬው በቅሎ አለው?» በእግሩ ነው። «ሸክምስ?» አልተጻፈም። «ሰላምታስ? ከኡኬ ነቀምቴ ድረስ ሰው ሳይሳለም የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ይህ ትልቅ ነገር ሆነ። ሰላም ሳይል የሚያልፍ ሰው ጤነኛ አይደለም ያሉም ነበሩ። ሌላኛው ሽማግሌ ደግሞ ጺማቸውን እያሻሹ ቆይተው «እኔ የማይገባኝ፣ ሲመለስ ለምን ፈጠነ? እዚያ ምን አድርጎ ነው?» አሉ። ሁሉም በሰውዬው ላይ ጥርጣሬ ገባው። ወንድሜ ራሱ፣ ያ አንገቱን የደፋው ወንድሜ፣ ቀና ብሎ «ቁልቁለት ሆኖለት ይሆናል» ብሎ ለሰውዬው ተሟገተለት።

በመጨረሻ የማስታረቂያ ሐሳብ መጣ። «አምስትና አራት ነጥብ ስምንት ያን ያህል የሚራራቁ አይደሉም። ልጅቷ ትንሽ ትውረድ፣ መጽሐፉም ትንሽ ይውጣና ይታረቁ።» ሁሉም «ጋሪ ዳ፣ መልካም ነው» አሉ።

ደሚቱ «ሂሳብ በሽምግልና አይወርድም አይወጣም አባቶቼ» አለች።

«እንግዲያው ባለቤቱ ይሰማ» አሉ ኦቦ ዋቅጅራ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ይህን የጻፈው ሰው ማን ነው?» ልባሱ ጠፍቷል፤ አይታወቅም። «እሱን ወክሎ የሚናገር አለ?» አንዱ የሂሳብ አስተማሪውን፣ ህንዱን እንጥራ አሉ። ኦቦ ዋቅጅራ አሰቡና «እሱም የመጽሐፍ ሰው ነው፤ ለመጽሐፉ ዘመድ ነው። ዘመድ አይመሰክርም» አሉ።

ስለዚህ ጉዳዩ ተቀጠረ። የጻፈው ሰው ወይም መልእክተኛው እስኪገኝ! ኦቦ ቶላ «የመጣንበትስ?» ቢሉ፣ ኦቦ ዋቅጅራ ከዘራቸውን አንስተው «ጠብ ያለበት ቤት ነው» ብለው ወጡ። እኔ ደስ አለኝ፤ ጊዜ ተገኘ። ደሚቱ ደግሞ ሰኞ ትምህርት ቤት ውላ ስትመለስ ደስታዋ ከእኔ ይብስ ነበር። ያኔ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ኦቦ ቶላ ግን ነጋዴ ናቸው፤ የጠፋ ዕቃ ማስፈለግ ያውቃሉ። ልባሱን በየቤቱ አስፈለጉት። የት ቢገኝ ጥሩ ነው? በገዛ ሚስታቸው ማጀት፣ አብሽ ይዞ! ፈተናው ሊደርስ ሲል ኦቦ ቶላ ልባሱን ከነአብሽ ሽታው ይዘው፣ ሽማግሌዎቹን አስከትለው እኔ ቤት መጡ።  ስሙ ካለበት ደብዳቤ ይላካል፣ መልስ ይመጣል፣ ጠቡ ያልቃል።

ደሚቱ ተቀብላ አነበበች። የአንበሳ ሥዕል አለበት፤ «የመለማመጃ ጥያቄዎች» ይላል በእንግሊዝኛ። የሰው ስም የለበትም። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን እየተቀባበሉ ገለበጡት፣ አሸተቱት። የለም።

ኦቦ ቶላ ይህን ጊዜ ብልሃት መጣላቸው። «ስሙን የደበቀ ሰው ተሸንፎ ነው። በደንብ ቢያውቅ ኖሮ ስሙን ይጽፍ ነበር። ለልጅቷ ይፈረድላት!» አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ እውነት ነው አሉ፤ ሌላውም እውነት ነው አሉ። እኔማ እልልታዬን አቀለጥኩት! የእኔ ልጅ የታተመ መጽሐፍ ረታች! ዘልዬ ልስማት ስል ደሚቱ ዞራ አየችኝ። እንዲህ ዓይነት አስተያየት ከላም አይቼ አውቃለሁ፤ ጥጃዋን በተሳሳተ በር ስታስገቡባት።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለልጅቷ ከተፈረደላት ጠብ የለም። ጠብ ከሌለ ሽማግሌዎቹ እዚያው እንደተቀመጡ የመጡበትን ያነሳሉ። ወንድሜ አንገቱን ይደፋል። እልልታዬን በነጠላዬ አፈንኩት።

ደሚቱ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች። «አባቶቼ» አለች፤ «ፍርዱን አልቀበልም። ሰውዬው ስሙን ያልጻፈው አፍሮ እንደሆነ ማን ያውቃል? ትሑት ሰው ሆኖ ቢሆንስ? ቃሉ ያልተሰማ ሰው ተፈርዶበት እኔ ብደሰት ነገ እኔም ሳልሰማ ይፈረድብኛል። እሱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ።»

 ኦቦ ቶላን እንዲህ ያለች አስተዋይ ልጅ ለምራትነት የበለጠ አማረቻቸው፤ በዚያው ልክ ራቀቻቸው። ኦቦ ዋቅጅራ ዓይናቸውን ገልጠው ልጅቷን አዩአት።  ከዚያ ቀስ ብለው «የተፈረደላት ራሷ ለባላንጣዋ ቀጠሮ ከጠየቀች፣ እኛ ማን ነን የምንነፍግ?» አሉና ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ።

ተቀጠረ።

ፈተናው ደረሰ። ልጅቷ እርሳሷን ቀርጻ ሄደች፤ ያልታጨች ልጅ ነችና ማንም አልከለከላትም። ለብዙ ቀን ተፈተነች። ዝናቡ ገባ። ዲንሳም መጠበቅ ሰለቸው መሰለኝ፣ ጊምቢ በኩል አንዲት ደህና ልጅ አጭቶ አገባ። ላሞቹን ትወዳቸዋለች አሉ። እኛም ሠርጉ ላይ በላን፣ ጨፈርን፤ እኔ ከሙሽራዋ እናት ይልቅ ጨፈርኩ፤ ምክንያቱን እናንተ ታውቃላችሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ውጤት መጣ። ደሚቱ አለፈች! ታደሰ ባለዜማውም ተፈትኖ ነበር፤ ማትሪኩ ዜማውን ለውጦ ስለመጣበት ዘንድሮ ደግሞ ይፈተናል። ወንድሜ ከኡኬ መጥቶ ውጤቱን ሲሰማ አንገቱ በደንብ ቀና ብሎ ያየሁት ያኔ ነው። «አልከለክላትም ብዬ የለ!» እያለ ለመንገደኛው ሁሉ ያወራ ነበር፤ እሱ ብቻውን ያስተማራት ይመስል።

ልትሄድ ሰሞን አዲስ አበባ ይዛው የምትሄደውን ቅቤ በቅመም እያነጠርኩላት፣ እንዲያው ትዝ ብሎኝ «ለመሆኑ ያቺ የተጣላሽባት ጥያቄ ማትሪክ ላይ አልመጣችም?» አልኳት።

«መጣች አዳዳ» አለች። «ሰውዬውን ትተው በመኪና አደረጓት እንጂ ራሷ ነች።»

«ታዲያ ምን አልሽ? አምስቱን ለቀቅሽላቸው?»

«መጽሐፉ ያለውን ነው የመለስኩት።»

ማማሰያዬ ከእጄ ወደቀ። «ምን? ስንት ሽማግሌ ያስቀመጥሽበትን?»

ሳቀች። «አዳዳ፣ መጽሐፉ ልክ ነበር። ሰውዬው ሲሄድ ቀስ ስለሚል መንገድ ላይ ብዙ ይቆያል። ሲመለስ ስለሚፈጥን ጥቂት ይቆያል። ከቀኑ ብዙውን ያሳለፈው በአራቱ ላይ ስለሆነ፣ አማካዩ ወደ አራቱ ይጠጋል እንጂ መሀል ላይ አይውልም። ያን ቅዳሜ እውነቴን ነው የተሳሳትኩት። ሰኞ ህንዱን አስተማሪ ብጠይቃቸው ሳቁብኝና አስረዱኝ።»

«ሰኞ? ሽማግሌዎቹ በሄዱ በማግስቱ ማግስት?»

«አዎ።»

«እና ይህን ሁሉ ጊዜ እያወቅሽ...»

«አዳዳ፣ ተሳስቻለሁ ብል ኖሮ ጠቡ ያልቅ ነበር። ጠቡ ቢያልቅ ምን ይመጣ ነበር?»

እኔ መሬት ተቀመጥኩ። ቅቤው ይቃጠል አይቃጠል አላየሁትም። ስንቱን ጎረምሳ መሀል መሀሉን ስወጋ የከረምኩት ሴትዮ፣ በገዛ ቤቴ የተቀመጠችውን በዚህ ነገር ሳልወጋት ቀረሁ! ልጆች ሁሉ እኔ ጋ ሲመጡ «ስትሳሳቱ ቶሎ እመኑ፤ ስህተቱን አቅፋችሁ አትደሩ» እል ነበር። አሁን እንደሱ ማለቱን ትቻለሁ። አንዳንድ ስህተት አቅፎ ቢያድሩት ኮሌጅ ያደርሳል፤ ምን ልበላችሁ?

በሄደችበት ቀን አውቶቡስ ተራ ሞላ። ጋሽ ሻፊ ለመንገድ ብለው ስኳር ይዘውላት መጡ፤ በንጹሕ ወረቀት ነው የጠቀለሉት። «ይህን አንብበሽ እንዳትመለሺብኝ» አሏት። ወንድሜ ዕቃዋን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እያስጫነ ሾፌሩን ያስጨንቃል። እኔ አለቅሳለሁ፣ እስቃለሁ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ እችላለሁ ብያችሁ የለም?

በዚህ መሀል ኦቦ ዋቅጅራ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ መጡ። ደነገጥኩ። ሽማግሌ አስቀምጦ መዋሸት በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰምተው ይሆን እንዴ አልኩ። ደሚቱም ከአውቶቡሱ መስኮት አንገቷን አውጥታ ስታያቸው ቀልቧ ተገፈፈ። እሳቸው ቀስ ብለው መጡ፤ መረቋት፤ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እጇን ሳይለቁ ትንሽ አብረውት ሄዱና፣ ዓይናቸውን እንደዚያን ቀን ግልጥ አድርገው፣ እንዲህ አሏት፦

«ኢንተላ ኮ፣ መጽሐፉን የጻፈውን ሰውዬ አዲስ አበባ ላይ ካገኘሽው፣ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ተቀምጠው እየጠበቁህ ነው በይው። ግን አይቸኩል።»